ልብስ ሰፊዋና የታናሽ እህቷ ውሃ

የቦኖ ውሃ ወደ መንደሩ እንዲገባ ደጅ የጠናችው፣ ቦዩ ሲቆፈር ሰነፉን ከመኝታው ጎትታ ያወጣችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ውሃው ወጥቶ የሚቆጣጠረው ሰው ይመረጥ ሲባል ግን ስብሰባው እጁን ያወጣው ለታናሽ እህቷ ነው። ታላቂቱ ሥራ ትወዳለች፣ ምላሷ ግን ያስፈራል አሉ። ልብስ ሰፊዋ ከሁሉ ቀድማ አጨበጨበች፤ ቤቷ ስትገባ ግን እርር ድብን አለች።

ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ከስፌት መኪናዋ ይልቅ መስኮቱ ላይ ሆነ። እህቷ የውሃ ማጠራቀሚያውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስታልፍ፣ ሴቶቹ ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ሲያዋሯት ታያለች። “የቧንቧ እመቤት” የሚለውን ስም ያወጣችላትም እሷው ናት። አዝዬ ያሳደግኳት እኔ፣ የምትከበረው እሷ እያለች ታጉረመርማለች።

አንድ ቀን ውሃው መድኃኒት መድኃኒት ሸተታት። ደስ አላት። ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ እያስቀመሰች፣ ሕዝቡን ውሃው ውስጥ በምትጨምረው ክሎሪን ልትጨርሰው ነው ማለት ያዘች። ወሬው መንደሩን አዳረሰ፤ አንዳንዱም ሰው ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ መውረድ ጀመረ።

ታናሽ ስትሰማ አልተቆጣችም። የጤና ባለሙያውን አስጠርታ ሰው በተሰበሰበበት አስመረመረች። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ቆማለች። ባለሙያው ከቦኖው በብልቃጥ ቀድቶ የመመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ ሲያደርግበት፣ የውሃው ቀለም ከሚገባው በላይ ደመቀ። እውነትም ክሎሪኑ በዝቷል። አዲስ የመጣው የክሎሪን ዱቄት ከቀድሞው የበረታ ኖሮ፣ ታናሽ በድሮው ማንኪያ ልክ ነበር የምትጨምረው።

ልብስ ሰፊዋ አሁን ቁልፉን ይቀሟታል ብላ ጠበቀች። ታናሽ ግን ወደ ሰዉ ዞራ፣

“ጥፋቱ የኔ ነው። እትዬ ባትናገር ኖሮ አላውቅም ነበር” አለች።

የማጠራቀሚያው ውሃ እዚያው ፊታቸው ተደፋ፣ የክሎሪኑም ልክ ተስተካከለ። ሽማግሌዎቹ ጥፋቷን አመነች ብለው ታናሽን መረቁ። ልብስ ሰፊዋንም በየሳምንቱ ከእህቷ ጋር ውሃውን እንድትመረምር መደቧት።

ሹመቱን ተቀበለች እንጂ አልበረደላትም። ወደ ቤት ሲመለሱ ታናሽ እጇን ያዘቻት።

“ተቀየምሽኝ እንዴ፣ እትዬ?”

“ተይኝ እስቲ። አንቺ እንደሁ ብትሳሳቺም ትመረቂያለሽ።”

ታናሽ ሳቀች። ታላቅ አልሳቀችም፤ እጇን ግን አላስለቀቀችም።