ከግራ የጀመርኩት መጽሐፍ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ አንኮበር

ጉሙ ገና አልተነሣም። አንሶላ የማጥብበት የእንግዳ ማረፊያ በር ላይ ቆሜ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። በነጠላዬ ስር አንድ መጽሐፍ አቅፌያለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ጃፓናዊት እንግዳ አልጋዋ ላይ ትታው የሄደችው የሥዕል ታሪክ ነው። ፊደሉን አላነበውም፤ ሥዕሎቹን ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አንዲት ልጅ በረዶ በሚጥልበት ባቡር ጣቢያ ብቻዋን ቆማለች። ከዚያ ባቡር ውስጥ አለች፣ ድልድይ ላይ አለች፣ ቀጭን መንገድ ላይ አለች። መጨረሻ ላይ እናቷ በር ላይ ቆማ አንድ ነገር ትላታለች። ከኋላዋ መብራት በርቷል።

የኔ እናት የሞተችው ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያኔ ትምህርቴን ትቼ ሥራ ገባሁ። እዚህ ዘመድ የለኝም። ሥራ ስጨርስ መጽሐፉን እገልጣለሁ፤ ልጅቷ ቤቷ ስትደርስ እዘጋዋለሁ። የእናትየዋን ቃል ለማወቅ ጓጉቼ ኖሬያለሁ። ደብረ ብርሃን የጃፓን የሥዕል ታሪኮች ሙዚየም መከፈቱን፣ ባለቤቱም ጃፓንኛ እንደሚያነቡ አንድ እንግዳ ያመጣ ሾፌር ነገረኝ።

1 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

የገብስ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ክምር፣ አስፋልት የሚያቋርጡ በጎች። መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ብርዱ ፊቴን ይገርፈዋል። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ ለሠርግ ነው ወይ የምሄደው አለ። ቀስ ብዬ ሙዚየም አልኩ።

«ፈረንጁ አንኮበርን ሊያይ ይመጣል፣ የአንኮበሯ ልጅ ደግሞ ጃፓንን ልታይ ደብረ ብርሃን ትወርዳለች» አለ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ።

4 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ሙዚየሙ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ለመግባት አፍሬ በሩን ሁለቴ አለፍኩት። ባለቤቱ ጋሽ ተሾመ ወጣት ሳሉ ጃፓን ተምረዋል። እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል፤ የካልሲዬን ቀዳዳ በሌላው እግሬ ሸፈንኩ። ግድግዳው ላይ የሚሮጡ፣ የሚያለቅሱ፣ ዓይናቸው የተለቀ ልጆች ተሰቅለዋል። ከኔ ሌላ ጎብኚ አልነበረም።

እየተንተባተብኩ ጠየቅኋቸው። መጽሐፉን ተቀብለው ገለበጡና በሌላው በኩል ከፈቱት።

«'ልብስ ደርቢ፣ ውጭው ይበርዳል' ነው የምትላት። ከቤት ስትወጣ።»

«ስትገባ አይደለም?»

«ስትወጣ ነው የኔ ልጅ። ጃፓኖች ከቀኝ ነው የሚጀምሩት።»

እሳቸውም መጀመሪያ እንደኔ ከግራ ጀምረው እንደነበር ነገሩኝ። ላንብብልሽ ወይ ሲሉኝ ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ። ሁሉንም አነበቡልኝ። ልጅቷ በየገጹ ከእናቷ እየራቀች ሄደች። ጣቢያው ሥዕል ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ወደኔ አዞሩልኝ፤ እዚያ ጽሑፍ የለም። ሻይ ጠጪ ሲሉኝ መኪና ያመልጠኛል አልኩ። መኪናው ግን ገና ነበር። መናኸሪያው አጥር ስር ብዙ ቆምኩ።

9 ሰዓት፣ መልስ

አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘይነባ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ በርበሬ ሸጠው ነው የሚመለሱት። ጉልበቴ ላይ ያለውን መጽሐፍ አይተው ልየው አሉኝ። ሰጠኋቸው። ማንም ሳይነግራቸው ከቀኝ ገለጡት። እንዴት አወቁ ብዬ ጠየቅሁ።

«ቁርኣን እየቀራሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሌላ ከየት ይገለጣል?»

ገጹን በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ። እናትየዋ ጋ ሲደርሱ «አይ የእናት ሆድ» አሉ። ድልድዩ ላይ ልጅቷ ቀጠነች ብለው ተቆጡ። ጣቢያው ሲደርሱ ወደኔ ዞሩ።

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ልጅቷ ቆማ እያየኋት እንዴት ነው የሚያልቀው?» አሉና መጽሐፉን መለሱልኝ።

ተቀብዬ ነጠላዬ ስር አቀፍኩት። አንኮበር ስደርስ ወረድኩ። እጃቸውን በመስኮት አወጡልኝ። መኪናው ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን ሲይዝ፣ እኔ ጉሙ ውስጥ ቆሜ እያየሁት ነበር።