ካርታ ልንሠራ ወጥተን ልብስ ስፌት የገባን ዕለት

ሦስተኛ ዓመት ላይ መምህራችን የሰጡን አሳይመንት አጭር ነበር። «የምታውቁትን ሰፈር ምረጡ፤ ሰው በየቀኑ የሚመላለስበትን መንገድ ካርታ ላይ አውርዱና አምጡልኝ» አሉን። እስከዚያ ቀን ድረስ ጂአይኤስ የሚባለውን የኮምፒውተር ካርታ ሥራ ስንማር የሠራነው ካርታ ሁሉ ሌላ ሰው በሰበሰበው መረጃ ነበር። አንዴ የማናውቀው አገር ወንዝ፣ አንዴ ረግጠነው የማናውቀው ከተማ መንገድ። የራሳችንን መረጃ ራሳችን ሄደን ስናመጣ ይሄ የመጀመሪያችን ነው።

ግሩፓችን ሦስት ሰው ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አቃቂ በሰቃ ነው። ሁለተኛዋ የቂሊንጦ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ዛሬ ፋብሪካ ቆሞበታል። ስትናደድ በኦሮምኛ፣ ስትቀልድ በአማርኛ ነው የምታወራው። ሦስተኛው ከደብረ ብርሃን የመጣ ረጅም ልጅ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ሁልጊዜ እንደተሰቃየ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች የሚመላለሱባቸውን ሰርቪሶች ካርታ እንሥራ ያለችው የቂሊንጦዋ ናት።

«ማንም አልሠራውም» አለች። «አዲስ የተቀጠረ ሰው ሰርቪሱ የት እንደሚቆም የሚያውቀው ጎረቤት ጠይቆ ነው።»

አንድ ቀን ከሰዓት ቃሊቲ መንገድ ዳር የቆመ ሰርቪስ አገኘንና ሹፌሩን አናገርናቸው። ጢማቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ አብረን ተሳፍረን መንገዱን በስልክ ብንመዘግብ ይቻላል?»

«እኔ ምን ቸገረኝ። ነገ ጠዋት እዚሁ ኑ። አስተባባሪዋ አለች፣ እሷን ታናግራላችሁ። እኔም እነግራታለሁ።»

በማግስቱ በጠዋት ተገኘን። ብርዱ አይጣል ነው። መንገድ ዳር ከምትጠብስ ሴት ፓስቲ ገዝተን እጃችንን እያሞቅንበት ሳለ ሰርቪሱ መጥቶ ቆመ። በሩ ሲከፈት አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰች፣ ድምፅዋ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሴት ወረደች።

«አዲሶቹ ናችሁ?» አለችን።

ሹፌሩ ነግረዋታል ብለን አሰብንና ሦስታችንም «አዎ» አልን።

«ጎሽ! ሦስት ይመጣሉ ተብዬ ነበር። ግቡ፣ ግቡ!»

ሹፌሩ የትናንትናው ሰው እንዳልሆኑ ልብ ያልነው ከተቀመጥን በኋላ ነው። ቢሆንም ምንም አልጠረጠርንም። ስልኬን አውጥቼ መመዝገቢያውን ከፈትኩት። መንገዱ በጂፒኤስ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ይሳላል፤ ሰርቪሱ በቆመ ቁጥር እኔ አንድ ነጥብ እጨምራለሁ፤ የቂሊንጦዋ ደግሞ ስንት ሰው እንደተሳፈረ ትነግረኛለች። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ገሚሶቹ ገና እንደተቀመጡ መስኮቱን ተደግፈው እንቅልፋቸውን ቀጠሉ። የነቁት ግን ኮሪደሩ ላይ በተዘረጋው የረጅሙ ልጅ እግር እየተደናቀፉ ይስቁ ነበር። ደስ ብሎኛል። ክፍል ውስጥ በቲዎሪ የተማርኩት ነገር እግር አውጥቶ ሲሄድ እያየሁ ነው።

ቂሊንጦ ደርሰን ሰርቪሱ በትልቁ በር ወደ ውስጥ ገባ። አስተባባሪዋ ለጥበቃው «እነዚህ ሦስቱ የኔ ናቸው» ብላ ወደ አንድ ሕንፃ ወሰደችን። ስልካችንን ተቀብለው ሎከር ውስጥ ቆለፉት። እዚህ ላይ ትንሽ ግራ ገባኝ፤ የፋብሪካ ደንብ ይሆናል ብዬ የኔንም ሰጠሁ። ቀጥሎ ጋውንና የጸጉር መረብ ሰጡን። የስፌት መኪና የተደረደረበት አዳራሽ ገባን። ሌሎች አዲስ የሚመስሉ ልጆችም ነበሩ። አንድ ወፍራም መነጽር ያደረገ አሠልጣኝ ፊታችን ቆመና «እንኳን ወደ ሥራ ዓለም በሰላም መጣችሁ» አለን።

የቂሊንጦዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ተቀጥረናል እኮ!»

እጄን አነሳሁ። አሠልጣኙ «ጥያቄ መጨረሻ ላይ» ብሎ አስወረደኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው! ስለ ክር፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ጣት ጥንቃቄ ሳይተነፍስ አስረዳና እያንዳንዳችንን መኪና ላይ አስቀመጠን። እኔ ገና ስጀምር መርፌ ሰበርኩ። ረጅሙ ልጅ ግን ጉልበቱን እንደምንም ከጠረጴዛው ሥር ከትቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፋ። አሠልጣኙ ጨርቁን ወደ መብራቱ አንስቶ አየው።

«አንተ ልጅ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

«ዩኒቨርሲቲ» አለ።

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። የቀለደ መስሏቸው ነው። እሱ ግን እውነቱን ነው የተናገረው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። አስተባባሪዋ ሰርቪሱ አምልጧቸው በባጃጅ ተከትለው የመጡ፣ ላብ ያጠመቃቸው ሦስት ልጆች ይዛ ገባች። ከኋላዋ ጥበቃው ቆሟል።

«አዲሶቹ እነዚህ ከሆኑ፣ እናንተ ማን ናችሁ?» አለችን።

«ተበላን» አለች የቂሊንጦዋ።

የተማሪ መታወቂያችንን አወጣን። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ስላወራን መጀመሪያ ምንም አልገባትም። ጥበቃው ፊቱን አጨፍግጎ መታወቂያዎቹን ደጋግሞ አየ። የትናንትናውን ሹፌር ነገር ስነግራት ግን አስተባባሪዋ ግንባሯን መታች። «እሳቸው እኮ የሌላ መስመር ናቸው! የነገሩት ሌላዋን አስተባባሪ ይሆናል።» ከዚያ ዞር ስትል የጸጉር መረብ ያጠለቀውን ረጅሙን ልጅ አየችውና ሳቋ አመለጣት። እሷ ስትስቅ ጥበቃውም ሳቀ። አሠልጣኙ ብቻ አልሳቀም። «ይሄን ልጅ ግን አትውሰዱብኝ» ይላል የምሩን።

ቢሮዋ ወስዳ ሻይ አስመጣችልን። ስለ ካርታው በደንብ ስትሰማ ወንበሯን ወደኛ ሳበች።

«እኔ እኮ በየቀኑ ለአዲስ ሰው በስልክ ‹ከባንኩ አለፍ ብለሽ፣ ጎሚስታው ፊት ለፊት› እያልኩ ድምፄ አለቀ። ሥሩትና አንድ ለኔ ስጡኝ። የሌሎቹን መስመሮች እኔ አስፈቅድላችኋለሁ።»

እንዳለችውም አስፈቀደችልን። የዚያን ዕለት ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ አቃቂ ክር ፋብሪካ የሠራች ሴት ናት። «መርፌ የሰበርሽው እኔን ሳትወጪ ቀርተሽ ነው» አለችኝ።

መንገዶቹን ሁሉ ጨርሰን ኮምፒውተር ላብ ውስጥ መረጃውን ስንከፍት ሌላ ጉድ ጠበቀን። ያን ዕለት ስልኬ ሎከር ውስጥ ሆኖ መመዝገቡን አላቆመም ነበር። ጣሪያ ሥር ጂፒኤስ ቦታውን እየሳተ ስለሚዘል፣ ፋብሪካው ላይ የተተበተበ የክር ኳስ የሚመስል ነገር ሥሏል። መምህራችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«አውቶቡሱ እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው? ሰክሮ ነው?»

«እኛ ነን መምህር» አልኩ። ታሪኩን ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ተበጠበጠ። እሳቸውም እየሳቁ ያንን ኳስ እንዴት ማጽዳት እንዳለብን አሳዩን። ለጂፒኤስ ስህተት ምሳሌ እንዲሆናቸውም ለራሳቸው ቅጂ ወሰዱ። ውጤታችንም ጥሩ ሆነ።

ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትመን ለአስተባባሪዋ ወሰድንላት። ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ስትለጥፈው ሹፌሮቹ ተሰበሰቡ። አንዱ ጎሚስታውን ፈልጎ ሲያገኘው ጮኸ። ሌላው «ይሄ ፌርማታ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ቢጠጋ ኖሮ ልጆቹ ይሄን ሁሉ በእግራቸው አይመጡም ነበር» ብሎ በጣቱ አሳየ፤ አስተባባሪዋም «እውነትም!» ብላ ቀርባ አየች። ከበስተኋላ የቆሙ አንድ አጭር ሹፌር ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም።

«ይቺ ቀይዋ መስመር የኔ ናት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ለምን ቀይ ሆንኩ? እኔ ሰማያዊ ነው የምወደው።»

ቀለሙ ትርጉም እንደሌለው፣ መስመሮቹን ለመለየት ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። «እሱማ ገብቶኛል» አሉ። «ግን ትርጉም ከሌለው ሰማያዊ ቢሆን ማን ይጎዳል?»

በሚቀጥለው ቀን ሰማያዊ አድርገን በድጋሚ አሳተምነው።