ያልጠራሁት ጎርፍ

ባሌ አያውቅም። እናቴም ሳትሰማው አፈር ገባች። ከአላህ በቀር የሚያውቅብኝ የለም። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው ነው፤ አደራ፣ ስጨርስ «አይዞሽ» እንዳትሉኝ።

ሰዓዳ እባላለሁ። ከቆቦ ወጣ ብላ ያለችውን ሰፈራችንን ሰዉ «ደሴት» ይላታል። ባሕር የሌላት ደሴት! ከተራራው የሚወርደው ወንዝ እኛ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና ከታች መልሶ ይገናኛል፤ እኛ መሐል ነን። ደረቅ ሲሆን ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰውም አህያም በሱ ላይ ነው ገበያ የሚሄደው። ክረምት ላይ ግን እኛ ጋ ፀሐይ እየወጣ፣ ተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ከች ይላል። ሰው ይበላል። ያለሱ ደግሞ እህል የለንም። የኛ ዝናብ ማሽላ አያደርስም፤ ጎርፉን ከወንዙ ጠልፈን ወደ ማሳ እያስገባን ነው የምናርስ። የሚገድለንም የሚያኖረንም እሱ ነው።

ስለዚህ ከአባቶቻችን የወረስነው ደንብ አለ፤ ጎርፉን መጀመሪያ ያየ ይጣራል። ወንድ ሴት የለም። ጥሪው ሲሰማ አሸዋው ላይ ያለው ሸሽቶ ይወጣል፣ ውሃ የማስገባት ተራው የደረሰው ደግሞ አካፋውን ይዞ ይሮጣል። አንድ ጩኸት ሁለት ሥራ ይሠራል። እኔ ደግሞ በጩኸት አልታማም። ጎረቤቴ እንድሪስ፣ አላህ ይርሐመውና፣ «ሰዓዳ ስታስነጥስ ዋጃ ከተማ ላይ ይርሐሙኪላህ ይላሉ» እያለ ሲያስቅብኝ ይውል ነበር።

አንድ ዓመት ጎርፉ ራሱ ጠፋ። ባሌ ለጉልበት ሥራ አፋር ወርዷል። ደጋሊት የሚባለው ማሽላዬ ቅጠሉን ጠቅልሎ እንደ በሽተኛ ቆሟል። ልጆቼን ምን ላብላ? ተራው የእንድሪስ ነው፤ የኔ ከሱ ቀጥሎ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማሳዬ ጫፍ ቆሜ ከላይ አቧራ ሲነሳ አየሁ። ከአቧራው ሥር ጎርፉ ግንድ እያንከባለለ ይመጣል። አየሁት። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ልጣራ አፌን ከፈትኩ። «ከተጣራሁ እንድሪስ ይመጣል» አልኩ በልቤ። አፌን ዘጋሁት። እኔ ሰዓዳ፣ ዝም አልኩ! አካፋዬን አንስቼ ወደ ማሳዬ የሚያስገባውን ቦይ አፉን ከፈትኩት። ውሃው ሲገባ ደስ አለኝ። እንግዲህ ሁሉንም ልናገር እንጂ፣ ሳቅኩ እንኳ።

እንድሪስ ቤቱ ጋደም ያለ መስሎኝ ነበር። እሱ ለካ ከቆቦ ገበያ አህያ እየነዳ በአሸዋው እየተመለሰ ነው። አህያዋ ወጣች። እሱን ከታች፣ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ፣ እሾህ ላይ ተይዞ አገኙት።

ገበያ መሄዱን አላውቅም ነበር፣ ወላሂ! ስንት ጊዜ ለራሴ ይህን ብያለሁ። ግን ምን ያድነኛል? ጥሪው አልጋ ላይ ላለውም አሸዋ ላይ ላለውም እኩል ነበር። እኔ እንድሪስ እንዳይሰማ ፈለግሁ፤ እንድሪስም አልሰማም። የፈለግሁት ሆነልኝ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» አለ። እኔም አልኩ። የገዛ ሥራዬን በአላህ አሳበብኩ፤ ምላሴ እንኳ አልተሳሰረም።

ማሽላዬ ያን ዓመት ያዘልኝ፤ ሰዉም ጎርፉ ራሱ ቦዩን ሰብሮ የገባ መሰለው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ተሸክሜ ለሚስቱ ለዘይነብ ወሰድኩላት። ለምን? አዝኜ ነው? ወይስ ልቤን ዝም ለማሰኘት? «ሰዓዳዬ፣ አላህ ዘርሽን ያብዛው» ብላ መረቀችኝ። ልጆቿ በሉት። አባታቸውን የወሰደው ጎርፍ ያበቀለውን ማሽላ እኔ በእጄ አበላኋቸው።

ዘንድሮ ሰፈራችንን ከጎርፍ ለማዳን ጥሩ ሥራ ተጀምሯል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የእህል ማስቀመጫ ሠራን፣ መሻገሪያው ላይ ገመድ ወጠርን፣ ከላይ ያሉት ጎርፉን ሲያዩ ስልክ ሊደውሉልን ተስማማን። ስልኩን ተቀብሎ ለሰፈሩ የሚጣራ ሰው ይመረጥ ተባለ፤ ድምፅ ማጉያም መጣ። ዘይነብ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች።

«ሰዓዳ እያለች ምን ያከራክራል? ያን ቀን እሷ አይታው ቢሆን ኖሮ እንድሪስ ዛሬ ከኔ ጋ ነበር» አለች።

ሰዉ አጨበጨበ። እኔ መግቢያ ጠፋኝ። ድምፅ ማጉያውን አስያዙኝ።

አሁን ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ክረምቱ እየገባ ነው። አሸዋው ላይ የሚሄድ ሁሉ ነፍሱን ለኔ አፍ አደራ ሰጥቶ ነው የሚሄደው፣ ይህ አፍ ምን እንደሠራ ሳያውቅ። ችግር ነበረብኝ፣ ልጆቼ ተርበው ነበር፤ እውነት ነው። የእንድሪስስ ልጆች ጠግበው ነበር እንዴ?

ነገ ጠዋት ዘይነብ ቤት እሄዳለሁ። ድምፅ ማጉያውን ደጃፏ ላይ አስቀምጬ «አይቼው ነበር» እላታለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ብታባርረኝም፣ ሽማግሌ ፊት ብታቆመኝም ሐቋ ነው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብዬ የምለምነው እሷን ነው። እናንተ ግን አውፍ እንዳትሉኝ። ዝም ያልኩት በእናንተ ላይ አይደለም።