ሳሙራዩ በምድር ቤት

«ታዲያ ጌታው ሲሳሳት ሳሙራዩ ምን ያደርጋል?»

ይህን የጠየቁኝ ሱፐርቫይዘሬ ጋሽ ሀብቶም ናቸው። ዳውንታውን ዴንቨር፣ መሬት ውስጥ ባለ ፓርኪንግ ካሸር ሆኜ የጀመርኩ ቀን ነው። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ማንበብ የሚወዱ ሰው ናቸው። ምን ተማርሽ ሲሉኝ ታሪክ አልኳቸው፤ የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት ስለ ቻይናው ፈላስፋ ስለ ኮንፊሺየስና ስለ ጃፓን ጦረኞች፣ ስለ ሳሙራዮች ነው። ቲኬት ለመቀበል ይሄ ሁሉ ትምህርት ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ስለ ሳሙራዩ ጠየቁኝ፤ ልመልስላቸው ስል መኪና መጣ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ሳሙራይ» ሆኖ ቀረ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ቲኬት መቀበል፣ በሩን መክፈት፣ በየሰዓቱ የጭስ ማውጫውን ፋን አይቶ ሎግ ቡክ ላይ መፈረም።

ጃንዋሪ ላይ ፋኑ ቆመ። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሞተር አስነስቶ ለመውጣት ሲሰለፍ መርዛማው የመኪና ጋዝ ሲበዛ የሚጮኸው አላርም ጮኸ። ማኔጀሩ ወረደና ፋኑን የሚጠግነው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፣ ጩኸቱ ደንበኛ ያስፈራል፣ ዝጉት አለ። ጋሽ ሀብቶም «ኦኬ ሰር» ብለው የአላርሙን ቁልፍ አዞሩት። እኔም «ፋኑ ይሠራል» የሚለው ላይ ፈረምኩ።

ኮንፊሺየስ ጋ ሹም ንጉሡ ሲሳሳት ፊት ለፊት ይነግረዋል፤ ካልሰማው ሥራውን ትቶ ይሄዳል። ሳሙራዮቹም ያንኑ የኮንፊሺየስን ትምህርት አንብበዋል፤ ግን ወዴት ይሄዳሉ? ቀለባቸውም ስማቸውም ጌታቸው ጋ ነው። ስለዚህ ታማኝነት ከሁሉም በላይ ሆነ። ይሄን ስጽፍ ቀላል ነበር። ጋሽ ሀብቶም ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤትና አራት ልጆች አሏቸው። እኔ ምንም የለኝም፤ የፈረምኩት ፈርቼ ነው። ደግሞ ሥራ ያስገቡኝን ትልቅ ሰው፣ ጋሽ ሀብቶምን፣ አለቃ ፊት እንዴት አድርጌ ልቃወም?

ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። መኪና በተነሳ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ራሴን ያመኛል፤ ጠዋት ግን ተመልሼ እወርዳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጽዳት የሚሠሩትን እትዬ ጽጌን ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መወልወያው እጃቸው ላይ ነው። ስሜን ይጥሩ ብላቸው ጠፋባቸው። ጎትቼ መንገድ ላይ አወጣኋቸውና 911 ደወልኩ። በኋላ ድነዋል። ያን ሰዓት ግን የሚተርፉ አልመሰለኝም።

እሳት አደጋዎቹ የአላርሙን ሳጥን ከፍተው ማን እንደዘጋው ጠየቁ። ማኔጀሩ ጋሽ ሀብቶምን አየ። ጋሽ ሀብቶም መሬት መሬት እያዩ «እኔ ነኝ» አሉ።

ወደ ማኔጀሩ እየጠቆምኩ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ፤ ያዘዘው እሱ ነው፣ የዘጉት እሳቸው ናቸው፣ ይሠራል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ሀብቶም በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ።

«ሥራ ስጀምር ስለ ሳሙራዩ የጠየቁኝን እየመለስኩ ነው። ጌታው ሲሳሳት ይነግረዋል፣ ጋሽ ሀብቶም። በመጀመሪያው ቀን ይነግረዋል። እኔና እርስዎ ሦስት ቀን ዘገየን።»