በስኮች የተጠቀለለው የእህቴ ዊልቸር

ከሰፈራችን ወደ ማኒላ የሚሄድ ካርቶን እኔ ሳላሽገው አይሄድም። ስኮቹን ጥርቅም አድርጌ እጠቀልልበታለሁ፣ በስድስቱም ጎን ስም እጽፋለሁ። ከእጄ የወጣ ዕቃ ተከፍቶ ደርሶ አያውቅም፤ በዚህ ትንሽ እኩራራለሁ።

ታላቅ እህቴን ዴልፊናን፣ በአገራችን ወግ፣ አቴ ነው የምላት። እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ ከተማችንን ዱማጌቴን ከዳር ዳር የምታካልለው በባትሪ በሚሄደው ዊልቸሯ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አውሮፕላን ላይ ዕቃ ጫኞች መሪውን ሰብረውባት እስኪጠገን አራት ወር ከአልጋ አልወረደችም። ነገ ጠዋት ደግሞ ብቸኛ ልጇ ኤልሞ ማኒላ ላይ ያገባል። አባቱ ስለሞተ እስከ መሠዊያው የምታደርሰው እሷ ብቻ ናት። "ሰው እየገፋኝ አይደለም፤ ራሴ እየነዳሁ ከጎንህ እሄዳለሁ" ብላ ቃል ገብታለታለች።

ዊልቸሩ ዳግም ይሰበራል የሚለው ፍርሃቷ ወደ እኔም ተጋባ። ኤርፖርት ስንደርስ ሠራተኞቹ በእጅ በሚገፋ በራሳቸው ዊልቸር ሽንት ቤት ወሰዷት። እስክትመለስ የሷን ከመሪው እስከ ጎማው በስኮች ጠቀለልኩት። ስሟንም በስድስት ቦታ ጻፍኩ።

"ክሪስፒን! ምን ነክቶህ ነው?" አለች ስታየው።

"አሁን ጭረት አይነካውም፣ አቴ።"

የመንገደኞች ተቀባይዋ ግን ራሷን ነቀነቀች። "ባትሪው ላይ የተጻፈውን ማየት አለብኝ። ሽቦውስ ተነቅሏል?"

"የቱ ሽቦ?" አልኩ።

"እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት!" አለች አቴ።

"ሃያ ደቂቃ አላችሁ፤ ካልሆነ ዊልቸሩ ይቀራል" አለች ተቀባይዋ።

"እሱ ከቀረ እኔም ቀረሁ" አለች አቴ።

መቀሴን በር ላይ ፈታሾቹ ወስደውታል። በቤት ቁልፍ፣ በጥፍር፣ በጥርስ ገባሁበት። የገዛ ሥራዬን እንደዛሬ ረግሜው አላውቅም። የመሪውን ቀጭን ሽቦ አብሬ እንዳልበጥሰው ፈርቼ በቀስታ እልጣለሁ፤ ሰልፈኛው ከኋላ ያጉረመርማል።

"ቀስ! መቀመጫውን አንሳ። ቀዩን ሶኬት ንቀል" ትለኛለች አቴ። "መሪውን ፍታና ስጠኝ፣ ከእኔ ጋር ይሄዳል። ያንን ማንሻ ወደ ታች አድርገው፤ ጎማው ከሞተሩ ይላቀቅና በእጅ ይገፉታል።"

አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አንዱንም አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

ተቀባይዋ ጽሑፉን አንብባ ወረቀት ለጠፈችበት። አራት ደቂቃ ሲቀር ዊልቸሩን ወሰዱት። አቴ እስከ ማኒላ መሪውን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ሄደች።

ማኒላ ላይ ዊልቸሩ ሙጫ በሙጫ ሆኖ መጣ። ትነግረኛለች፣ እኔ እገጥማለሁ። ማብሪያውን ስትጫን ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው መብራቱ በርቷል።

ኤልሞ ከመውጫው ማዶ እጁን ያውለበልባል። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ወንበሩ ጀርባ ሄደ፤ መለስኩት።

"ልግፋሽ፣ አቴ?"

"ዛሬ ገና ጠየቅከኝ" አለች። "አይ፣ ራሴ እሄዳለሁ።"

ሄደችም።