ባቴ ላይ የተጠመጠመው ነጠላ

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ አንድ ቢሮ ልገባ ስል፣ በሩ ላይ የምትፈትሸው ልጅ እጅ ባቴ ላይ ቆመ። ጨመቅ ጨመቅ አደረገችኝ። ከቀሚሴ ሥር ያለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ጣቶቿን ስታርመሰምስ እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ሥራዋ ነው። ያስጠላኝ ሌላ እጅ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ አቃቂ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ የዳበሰኝ እጅ።

ያኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ፈትል ክፍል የገባሁ፣ ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ አንገቴን የምደፋ ልጅ ነበርኩ። ሥራችን ቀኑን ሙሉ ቆሞ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። የጥጥ ብናኙ አፍንጫችን ውስጥ ከንፍጥ ጋር ይቦካል። በበጋ ከፋብሪካው ጀርባ ያለው ወንዝ ሲጎድል፣ ቀለም የጠጣው ውሃ ሽታ በመስኮት እየገባ ምሳችን ላይ ያርፋል። እስከ ዛሬ የቀዘቀዘ ሽሮ ሳይ ያ ሽታ ይመጣብኛል።

ቆሜ ስቆይ ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ዓይኔ ይጨልማል፤ ከዚያ መሬት ነኝ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለቱንም ጊዜ የክፍላችን አለቃ፣ ካቦው፣ ጫማውን አውልቆ አፍንጫዬ ላይ ደፋብኝ፤ ለወደቀ ሰው የሚደረገው እሱ ነበር። የእግር ላብ፣ የማሽን ዘይት፣ የረጠበ ቆዳ። ሁለተኛው ቀን ገና ዓይኔን ስገልጥ፣ «ሦስተኛ ከደገምሽ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ማሽን ላይ ወድቀሽ ልታሳስሪኝ ነው?» አለኝ። እናቴና ሁለት ታናናሾቼ የሚበሉት እኔ ከቆምኩ ነበር።

የክሊኒኩ ድሬሰር ጋሽ ደበላ አስተኝተው የደም ግፊቴን ለኩ፤ ደግሞ አስቁመው ለኩ። «ስትቆሚ ደምሽ ወደ እግርሽ ይወርድና ቶሎ አይመለስም። ከነርቭ ነው» አሉኝ። «ነቅሎ የሚጥለው መድኃኒት የለኝም። አብረሽው መኖር ልመጂ።» ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ጨው ያለበት ውሃ እንድጠጣ፣ ዘልዬ እንዳልነሳ፣ ስቆም እግሬን አጠላልፌ ጭኔን እንድጨምቅ፣ ባቴን ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት በጨርቅ ጠበቅ አድርጌ እንዳስር ነገሩኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ጠሩኝና፣ «ዓይንሽ መጨለም ሲጀምር ያለሽበት ቁጭ በዪ። ሰው ምን ይለኛል አትበዪ» አሉኝ።

ሁሉንም አደረግሁ። ለብ ያለው የጨው ውሃ የሰው ትውኪያ የምጠጣ ይመስለኝ ነበር። አጠገቤ የምትሠራው የወሎዋ ዘይነባ፣ «ቁርስሽን እንደ ላም ላስሽ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ግን ሠራልኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ሳልወድቅ ቆምኩ።

የጨርቁን ነገር ግን አላሰብኩትም። የእናቴን አሮጌ ነጠላ ቀድጄ ነበር የማስረው። ፋብሪካችን የሚያወጣውም ነጭ ጨርቅ ነው፤ ሰውነታቸው ላይ ጠምጥመው የሚያወጡ ስለነበሩ ስንወጣ እንፈተሻለን። ብዙ ጊዜ ወገብና ብብት ዳብሰው ይለቁናል። አንድ ቀን ግን ፈታሿ አስካለ ጎንበስ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እ… እግሬ ነው።»

«እግር እንዲህ ይወፍራል? የሕዝብ ንብረት ታጥቀሽ! አሻጥረኛ! ፍቺው፣ እዚሁ!»

«ኧረ ተናገሪ አንቺ!» አለች ዘይነባ ከኋላዬ። «አሟት ነው፣ ወላሂ!»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

የስምንት ሰዓት ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች። ጨርቁ በላብ ቆዳዬ ላይ ተለጥፎ ስለነበር እየላጥኩ ፈታሁት። ሽታው ሲወጣ ሴቶቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ጨርቁ ሲወርድ ደሜም አብሮ ሲወርድ ተሰማኝ። እግሬን አጠላለፍኩ፣ ጭኔን ጨመቅሁ።

«ምን ያጣምምሻል? ሽንትሽ መጣ?» አለች አስካለ። ሰልፉ ሳቀ።

ዓይኔ ጨለም ሲል የጋሽ ደበላ ምክር ትዝ አለኝ። ቁጭ ማለት ነበረብኝ። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ መሬት ላይ መቀመጥ ጥፋቴን ማመን መሰለኝ። አፍሬ ቆምኩ።

ስነቃ የዘበኛው ጫማ አፍንጫዬ ላይ ነበር። የጠዋቱ የጨው ውሃ ደረቴ ላይ ወጣ። አስካለ ከቅዳጆቹ አንዱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቀዩን ጥለት አየችና፣ «የኛ አይደለም ለካ» ብላ ላዬ ላይ ወረወረችው። «ምናለ ብትናገሪ?»

እኔም ትውኪያዬን ከከንፈሬ ሳልጠርግ፣ «ይቅርታ እትዬ» አልኳት።

ካቦው ከሰዉ መሐል ሦስት ጣቱን አሳየኝ። በማግስቱ ፋብሪካ አልገባሁም። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ እስካገኝ፣ የስፌት መኪና ላይ እስክቀመጥ ድረስ፣ ቤታችን ያየውን እኛ እናውቃለን። የጫማው ሽታ ከጊዜ ጋር ለቀቀኝ። ያ ይቅርታ ግን አለቀቀኝም፤ ባስታወስኩት ቁጥር ያቅለሸልሸኛል።

«ማዘር፣ እስቲ ይፍቱት» አለችኝ የቃሊቲዋ ፈታሽ፣ ዛሬም ባቴ ላይ የማስረውን ጨርቅ እየነካች። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ዓይኔ ገና አልጨለመም። በሩ መሐል፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ኧረ ማዘር፣ ቆሻሻ ነው!»

እውነቷን ነው፤ ጭቃና ምራቅ ነበረበት፣ አስጠላኝ። ቢሆንም እግሬን ዘረጋሁላት።

«አሞኝ ነው ያሰርኩት» አልኳት ሁሉም እንዲሰማ። «ማየት ከፈለግሽ አንቺ ዝቅ በዪ።»