ልጄን ሰቆጣን ያስጎበኘሁባት ሳምንት

ሰቆጣን እንደ እኔ የሚያስጎበኝ ሰው የለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከእኔ ጋር የዞረ ሁሉ ይለዋል። ያላለም ካለ እኔ አልሰማሁትም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ ከጎብኚዎች አፍና ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ለቀምኩት። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ተገንጥለው ስለነበር በእነዚያ ፊደላት ከሚጀምሩ ቃላት ጋር እስከ ዛሬ አልተዋወቅንም። ቢሆንም ሳልግባባው የቀረሁት እንግዳ የለም።

ልጄ ስድስት ዓመት በዐረብ አገር የሰው ቤት ሠርታ የመጣችው ጎብኚ በጠፋበት ጊዜ ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ እቤት የቀረነው እኔና ራዲዮኑ ነን። ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ስልኳ ጮኸ። ወደ ዐረብ አገር የላካት ደላላ ነበር፤ ሌላ ቤት ተገኝቷል፣ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም ይላታል። «እስከ እሑድ መልስ እሰጣለሁ» አለችው።

እንድትቀር ፈልጌያለሁ። እግሯ ላይ ወድቆ መለመን ግን የሌላ ሰው አባት ያድርገው፤ እኔ ሙያ አለኝ። አገሯን አስጎብኝቼ አስቀራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አሳየችኝ። አሠሪዎቿ ቬትናም ለሽርሽር ሲሄዱ ልጃቸውን እንድትይዝ ይዘዋት ሄደው ነበር። ቢጫ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች፣ በየመንገዱ የተሰቀሉ ባለቀለም ፋኖሶች፣ ጣራ የለበሰ ድልድይ፣ ወንዝ ላይ የተደረደሩ ጀልባዎች።

«ድሮ ከየአገሩ መርከብ እየመጣ የሚገበያይባት ከተማ ነበረች አሉ። በኋላ ወንዙ በደለል ሲሞላ መርከቡ ወደ ሌላ ሄደ፤ ከተማዋ እንዳለች ቀረች» አለችኝ።

«ታዲያ ሰቆጣ ናታ» አልኳት። «የእኛ መርከብ አህያ ሆነ እንጂ።»

ሳቀች። ፎቶዎቹን ደግሜ ሳያቸው እሷ አንዱም ላይ የለችም። «አንቺ የታለሽ?»

«እኔማ ይዣለሁ።»

«ምን?»

«ልጁን፣ የልጁን ቦርሳ፣ ጋሪውን፣ የእመቤቲቱን ጫማ።»

«ነገ ምንም አትይዢም» አልኳት።

ማክሰኞ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በእግር ወጣን። ዳቦውንም ውኃውንም የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ጎረቤቴ ከአጥሩ ላይ ሆኖ «ኧረ አባባ፣ ልጅ እጇን እያወዛወዘች አባት ይሸከማል? ምን ዘመን መጣ» አለኝ። እንግዳዬ ናት አልኩት። «እንግዳስ ቢሆን እግር የለውም?» አለ። ድንጋዩ እንዴት እንደተፈለፈለ፣ ምሰሶው እንዴት ከአለቱ ጋር አንድ እንደሆነ፣ ለፈረንጅ ከምናገረው አንድ ቃል ሳልቀንስ ነገርኳት። በሩ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ስደርስ በልማዴ ዞሬ በእንግሊዝኛ «ጭንቅላትዎን ይጠብቁ» አልኳት።

«አባዬ፣ እኔ ፈረንጅ ነኝ?»

«ለሁሉም አንድ ነኝ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን አፌ ቀደመኝ።

ሐሙስ በጭነት መኪና ወደ አበርገሌ ወረድን። ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ተከዜ ሐይቅ ሆኗል፤ ቆላው ውስጥ ዓሣ የሚያጠምዱ ወጣቶች አሉ። አንዱን በጀልባው እንዲያዞረን ለመንኩት።

«አባባ፣ ዋና ይችላሉ?» አለኝ።

«ተከዜን ገና ወንዝ ሳለ በእግሬ የተሻገርኩት ሰው ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሁዎትም።»

ልጄ በሳቅ ልትሞት። ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ እኔ የተቀመጥኩበትን እንጨት በሁለት እጄ ጨበጥኩ፤ ይህንንም ያደረግሁት ለምሳሌነት ነው። እሷ ግን ከፊት ተቀምጣ ሁለቱንም እጆቿን ውኃው ውስጥ ሰደደች። «እዚያም በጀልባ ሄደናል። ሌላው ሰው ወንዙን ያያል፤ እኔ ያየሁት የልጁን ማጅራት ነው፣ እንዳይወድቅ» አለች። በዚያች ሰዓት አሸንፌያለሁ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ከሁሉ የምመካበትን አቆይቼ ነበር፤ የሲራራ ነጋዴዎች ጨው ያራግፉበት የነበረውን የድሮ ገበያ። ዛሬ ጠጠር ያለበት ሜዳ ነው። እኔ ስናገርበት ግን ይሞላል። አሞሌው ከአፋር በኩል እንዴት እንደመጣ፣ በምን እንደሚታሰር፣ አህዮቹ በየት እንደሚጠጡ፣ ነጋዴው ከነጠመንጃው የት እንደሚያድር፣ ሁሉንም በእጄ እያመለከትኩ ነገርኳት። አንድ ፈረንጅ እዚህ ቆሞ አልቅሶልኛል፤ ምናልባት አቧራም ሊሆን ይችላል።

ልጄ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «እንጀራቸውን ማን ይጋግርላቸው ነበር?»

«ሴቶች።»

«እነሱስ የት ያድሩ ነበር?»

በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን መልስ አጥቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ወዲያው ወደ ምሥራቅ ጠቆምኩና «እዚያ ጋ ሰፊ ጓዳ ነበር፤ ሣር የተነጠፈበት» አልኳት።

አየችኝ። «አባዬ፣ ይሄን አሁን ፈጠሩት።»

ዋሽተዋል ብትለኝ እቆጣ ነበር። እሷ ግን ያለችው ቀስ ብላ ነው፤ እናቷም እንዲሁ ነበረች። «አላውቅም» አልኳት። ቃሉ ለአፌ እንግዳ ሆነብኝ።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ነገረችኝ። በዚያች በቬትናም ከተማ የድሮ ነጋዴ ቤት አስገብተዋቸው ነበር። አስጎብኚው ጌታው የሚተኛበትን፣ ለሙታን የሚጸለይበትን፣ ዕቃው በጎርፍ ጊዜ ወደ ላይ የሚሳብበትን ቀዳዳ ሁሉ አሳየ። እሷ ልጁን እንደታቀፈች ዓይኗ ሌላ ይፈልግ ነበር። አገኘችው፤ ከደረጃው ሥር፣ አንዲት ሰሌን ብቻ የምታስነጥፍ ቦታ።

«ማንም ሳይነግርሽ በምን አወቅሽው?»

«ልኬ ነበር» አለች።

ስድስት ዓመት በስልክ «ደህና ነኝ» ስትለኝ የት ትተኛለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ሜዳው ዳር ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እናታቸው ለነጋዴዎች ትጋግር እንደነበር ይወራል። ተነሥቼ ልጄን ወደ እሳቸው ወሰድኳት። ጥያቄውን በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ደገመችላቸው። እሳቸውም በኽምጥኛ መለሱ፤ ነጋዴዎቹ ጭነቱን ክብ አድርገው ይደረድሩታል፣ ሴቶቹ መካከሉ ይተኛሉ።

«ለእነሱ ብለው ነው?» አለች ልጄ።

«ለጨው ነው እንጂ። ሌባ አንዱን ሲያነሣ የሚነቃ ሰው እንዲኖር ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ስንት ዘመን ፈረንጅ እየነዳህ በፊቴ ታልፋለህ። አንድ ቀን ቆመህ ጠየቅኸኝ?»

«ዛሬ ቆምኩ» አልኳቸው።

«ዛሬማ ልጅህ አቆመችህ።»

ስንመለስ ትቀሪያለሽ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈልጌ ነበር። በምትኩ «አገርሽ ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ብሎኛል፣ አባዬ። በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ደስ ያለኝ ቦታ ሁሉ እንጀራ አይሆነኝም።»

ጥቂት ሄድን። ልለምናት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «እንግዲያው የምትተኚበትን አስቀድመሽ ጠይቂ» አልኳት።

እሑድ ደላላው ሲደውል አጠገቧ ነበርኩ። «የምተኛበት ክፍል በር አለው? ከውስጥ ይዘጋል?» አለችው። ሰውየው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ ሳቀ። «ስታውቅ ደውልልኝ» ብላ ዘጋችው። ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይደውል ቆየ፤ እኔም ረስቷት ይሆናል እያልኩ ከልቤ ደስ ይለኝ ጀመር። ከዚያ ደወለ። በር አለው፣ ቁልፍም አለው አለ።

መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ያ ጎረቤቴ እንደገና አየኝ፤ ያን ቀን ግን «በሰላም ግቢ» አላት። ከደረሰች በኋላ በስልክ መጀመሪያ ያሳየችኝ በሩን ነው። ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ቁልፉን አዞረችው።

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጡ አስተማሪዎችን ያንን ሜዳ አሳየሁ። አሞሌውን፣ አህዮቹን፣ ነጋዴውን ከነጠመንጃው ተናገርኩ። ከዚያ ጭነቱ መካከል የሚተኙትን ሴቶች አስቀመጥኳቸው። አንዷ አስተማሪ «ሲታመሙስ? ልጅ ሲይዙስ?» አለችኝ። እኔም «አላውቅም» አልኳት፤ ወስጄም ከአሮጊቷ ፊት አቆምኳት። በዚህ አገር ስንት አስጎብኚ አለ፤ «አላውቅም» በማለት ግን አንድም የሚደርስብኝ የለም።